ያላለችው ቃል

በ1980 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ አንድ ማስታወቂያ ጻፍኩ። አራት ካርቶን ላይ በእጄ የጻፍኩት ነው፤ ተለጥፎ የቆየው አሥራ አንድ ቀን ብቻ ነበር። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ብዙ ነገር ጽፌያለሁ። ሰው ያስታወሰው ግን እሱን ብቻ ነው፤ እኔም ልረሳው የምፈልገው እሱን ብቻ ነው።

የምኖረው ዛሬ ሀዋሳ በምንላት፣ ያኔ አዋሳ በምትባለው ከተማ ነበር። መናኸሪያው ፊት ለፊት ጋሽ ሞገስ የሚባሉ ሰው ፎቶ ቤት ነበራቸው፤ እኔ የእሳቸው ሠራተኛ ነበርኩ። የታጠበ ፎቶ ላይ የሚቀረውን ነጭ ነጥብ በቀጭን ብሩሽ እሞላለሁ፤ ሲያነሱ መብራት እይዛለሁ፤ በር ላይ የሚለጠፈውንም ጽሑፍ እጽፋለሁ። ጽሑፉን ለእኔ የተዉት ያለ ምክንያት አይደለም። ከአብዮቱ በፊት፣ ገና በሃያ ዓመቴ፣ አዲስ አበባ አንድ ማስታወቂያ ቤት ተቀጥሬ ስለ ሳሙናና ስለ ብርድ ልብስ እጽፍ ነበር። አለቃዬ አቶ ደምሴ ይባሉ ነበር።

«አምሳሉ፣» ይሉኝ ነበር አቶ ደምሴ፣ «ስለ ሳሙናው አትንገረኝ። ሳሙናውን ይዛ ስለቆመችው ሴት ንገረኝ። ሰው ልቡ ሳይከፈት ኪሱን አይከፍትም።»

ንግዱ ሲወረስ ማስታወቂያ ቤቱም ተዘጋ። እኔ አዋሳ የምትኖረው እህቴ ዘንድ ለአንድ ወር ብዬ መጣሁ፤ እዚያው ቀረሁ።

በዚያ ዓመት ጋሽ ሞገስ ጭንቀት ይዟቸው ነበር። ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ ብዙ የፎቶ ወረቀት አግኝተው አምጥተዋል፤ ወረቀቱ ግን ጊዜው ሊያልፍበት የቀሩት ጥቂት ወራት ናቸው። ካለፈበት ምስሉ አመድ የነፉበት ይመስላል። የሚመጣው ሰው ደግሞ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ከሚነሳው በቀር የለም። ሠርጉ ቀንሷል። ለብሶ፣ ተቀብቶ፣ ከነቤተሰቡ ፎቶ የሚነሳ ሰው ጠፍቷል።

«ጻፍ እንጂ፣» አሉኝ አንድ ቀን። «አዲስ አበባ የሠራህ ሰው አይደለህም እንዴ?»

«በዘመናዊ መሣሪያ ጥራት ያለው ፎቶግራፍ እናነሳለን» ብዬ ጻፍኩ። ማንም አልመጣም። «የደስታ ቀንዎን ያስታውሱ» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ሽማግሌ መስኮቱ ላይ ቆመው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡትና «የቱን?» ብለው ሄዱ።

በዚያ ሰሞን በመናኸሪያው በኩል የሚያልፈው ዘማች ነበር። ቀበሌ ስም ያወጣል፤ ስሙ የወጣ ልጅ በሦስተኛው ቀን ባህል አዳራሽ ይገባል፤ ከዚያ በአውቶቡስ ይጫንና ወደ ማሠልጠኛ ይሄዳል። እናቶች የአውቶቡሱን ጎን በመዳፋቸው እየመቱ እስከ አስፋልቱ መታጠፊያ ይሮጣሉ። እኛ ይህን ከመስኮታችን በየጊዜው እናያለን። አንድ ቀን ጋሽ ሞገስ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሲያዩ ቆዩና፣

«ከእነዚህ ልጆች ግማሹ ፎቶ የለውም፣» አሉ።

ክፉ ሰው ሆነው አይደለም የተናገሩት። ፎቶ አንሺ ናቸው፤ የታያቸውን ተናገሩ። እኔ ግን ጽሑፌን በዚያች ቃል ውስጥ አገኘሁት። ካርቶን አውጥቼ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የራሴን ልጽፍ ነበር። ገብረጻድቅ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረኝ። በ1970 አዲስ አበባ ላይ ጠዋት ከቤት ወጣ፤ በማግስቱ ሬሳው መንገድ ላይ ተገኘ። «ወንድሜ» ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ ወዲያ እጄ አልንቀሳቀስ አለኝ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለውን ነገር በአደባባይ መጻፍ በገዛ እጅ መታሰር ነበር፤ ግን ፍርሃቱ ብቻ አይደለም። የገብረጻድቅን ሞት ለፎቶ ወረቀት መሸጫ ላደርገው አልቻልኩም። ካርቶኑን ገልብጬ ከቁም ሳጥኑ ኋላ አስቀመጥኩት።

እትዬ ታቢታ የመጡት በሳምንቱ ነው።

እትዬ ታቢታ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል አንሶላ አጣቢ ነበሩ። ሃምሳ ዓመት ቢሆናቸው ነው፤ ጣቶቻቸው ከውሃና ከሳሙና ብዛት ነጥተው ተሸብሽበዋል። የሲዳማ ሰው ናቸው፤ አማርኛውን ቀስ ብለው፣ ቃል እየመረጡ ነበር የሚናገሩት። በሩ ላይ ቆመው፣

«የድሮ ፎቶ ታስቀምጣላችሁ?» አሉኝ።

«ኔጌቲቩን እናስቀምጣለን። የማንን ፈልገው ነው?»

«የልጄን። ደረሰ ይባላል። ለትምህርት ቤት መታወቂያ እዚህ ተነስቶ ከሆነ ብዬ ነው።»

ደረሰ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለ፣ ባለፈው ሰኔ፣ ስሙ ወጥቶ ሄዷል። ጥር ላይ አብሮት የነበረ አንድ ቁስለኛ ወደ አገሩ ሲያልፍ ቤታቸውን ጠይቆ ገባና መርዶውን ነገራቸው። ሌላ የመጣ ወረቀት የለም፤ ዕቃም የለም። ቤታቸው ውስጥ ደግሞ አንድም የልጁ ፎቶ አልነበረም።

ሁለት ቀን ፈለግን። ኔጌቲቭ ላይ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ነው፤ ፊት ሁሉ የማያውቁት ፊት ይሆናል። እትዬ ታቢታ እያንዳንዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው ያዩና «ይሄ ይሆን?» ይሉኛል። አንዳንዱን ዝም ብለው ረጅም ጊዜ ያዩታል። ስሙን ከማስቀመጫ ፖስታው ላይ አንብቤ «አይደለም፤ ይሄ ሌላ ነው» ስላቸው ቀስ ብለው ያስቀምጡታል። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ሣጥን አለቀ።

«የለም፣ እትዬ ታቢታ፣» አልኳቸው።

ፎቶ የሚነሳ ሰው የሚቀመጥበት በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

«ወንድም አምሳሉ፣» አሉኝ። የወንጌል አማኝ ናቸው፤ ሰውን ሁሉ ወንድም፣ እህት እያሉ ነው የሚጠሩት። «ፊቱ እየጠፋብኝ ነው። ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው፤ ልጅ ሆኖ ከታቦር ተራራ ሲወርድ ወድቆ ነው። እሱን አያለሁ። ጆሮውን አያለሁ። አረንጓዴ ሸሚዙን አያለሁ፤ አንዷ ቁልፍ ጥቁር ናት፣ እኔ ነኝ የሰፋሁለት። ፊቱን በአንድ ላይ ልየው ስል ግን ይበተንብኛል። የሄደ ዕለት ከፊቴ ከፊቴ ነበር የሚሄደው። አሁን የሚመጣልኝ ጀርባው ነው።»

ከዚህ ሌላ አልተናገሩም። አላለቀሱም። ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ጋሽ ሞገስንም እኔንም አመስግነው ሄዱ።

ገና ከበሩ ሳይርቁ ካርቶኑን ከቁም ሳጥኑ ኋላ አወጣሁት። እጄ እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«እኔ እናት ነኝ። ልጄ ሊሄድ ሲል ‹እማ፣ ፎቶ ልነሳና አስቀምጪልኝ› አለኝ። እኔ ‹ስትመለስ ትነሳለህ› አልኩት። አልተመለሰም። ዛሬ ዓይኔን ስጨፍን የቅንድቡ ጠባሳ ይታየኛል፤ እኔ የሰፋሁለት ጥቁር ቁልፍ ይታየኛል። ፊቱ ግን አይታየኝም። የሚመጣልኝ ጀርባው ነው። እናንተ እናቶች፣ ልጃችሁን ‹ስትመለስ› አትበሉት።»

ከሥሩ የፎቶ ቤታችንን ስምና «መናኸሪያ ፊት ለፊት» የሚለውን ጨመርኩ።

«ስትመለስ» የምትለዋ የእኔ ናት። እትዬ ታቢታ ልጁ ፎቶ ልነሳ እንዳላቸው አልነገሩኝም፤ እንደከለከሉትም አልነገሩኝም። ግን ያለዚያች ቃል ጽሑፉ ሐዘን ብቻ ሆነብኝ። ሐዘን ያነበበ ሰው ከንፈሩን መጦ ያልፋል። ጸጸት ያነበበ ሰው ግን «እኔስ?» ብሎ ይቆማል። ይህን ከአቶ ደምሴ ነው የተማርኩት። ስማቸውን አልጻፍኩም፤ ስም ካልተጻፈ ምን ነውር አለው አልኩ።

ጋሽ ሞገስ ሁለት ጊዜ አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «ይህንን ለጥፈው» አሉኝ። አንዱን መስኮታችን ላይ፣ ሁለቱን መናኸሪያው ግንብ ላይ፣ አንዱን ወደ ባህል አዳራሽ በሚወስደው መንገድ ላይ ሰቀልኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው አገኘናቸው። በሦስተኛው ቀን ሰልፉ ከበራችን ተነስቶ የጎረቤቱን ልብስ ሰፊ በር አልፎ ነበር። ማንበብ የሚችለው ለማይችለው ያነብለታል። መናኸሪያው ጋ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ጽሑፉን በቃሏ ይዛው ለሚመጣው ሁሉ ትለው ነበር። ስሙ የወጣ ልጅ ብቻ አይደለም የመጣው፤ ገና ያልወጣውንም ያመጡት ነበር። ልጆቹ የተዋሱት ኮት ለብሰው፣ ፀጉራቸውን በውሃ አርሰው በርጩማው ላይ ይቀመጣሉ። ጋሽ ሞገስ «አገጭህን ቀና» ይላሉ። እኔ መብራቱን እይዛለሁ። እናትየዋ ከመጋረጃው ጎን ቆማ ልጇን ሳይሆን መሬቱን ታያለች።

እውነቱን ልናገር፤ ደስ ብሎኝ ነበር። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አንድ የጻፍኩት ነገር ሰውን ከቦታው አንቀሳቅሶ አያውቅም።

እትዬ ታቢታ የመጡት በስድስተኛው ቀን ነው። ከሥራ ወጥተው፣ የሆቴሉን ሽርጥ እንዳደረጉ ነበር። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ማንበብ ተምረዋል። መስኮቱ ፊት ቆመው በጣታቸው እየተከተሉ፣ ፊደል በፊደል ሲያነቡ በመስታወቱ ውስጥ አየኋቸው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጨርሰው ከመጀመሪያው ጀመሩ። ከዚያ ሰልፉን አልፈው ገቡ።

«ወንድም አምሳሉ፣ ይህን እኔ ነኝ ያልኩህ?»

ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ጋሽ ሞገስ ካሜራው ላይ እንዳጎነበሱ ቀሩ። «ጠባሳውንና ቁልፉን እርስዎ ነግረውኛል» አልኳቸው።

«እሱስ አዎ። ‹ስትመለስ› ያልኩትን ነው የምጠይቅህ። እንደዚያ ማለቴን አላስታውስም። እኔ ነኝ የነገርኩህ?»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ ያየናል። አንድ አፍታ ነበር የተሰጠኝ። «አይ፣ እኔ የጨመርኩት ነው» ብል አልቆ ነበር።

«እርስዎ ያሉትን ነው የጻፍኩት፣» አልኳቸው።

እትዬ ታቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጠፍቶባቸው የነበረ ዕቃ ያለበትን እንደነገሯቸው ሰው። በሲዳምኛ ለራሳቸው የሆነ ነገር አሉ። ሰልፉ ላይ የነበሩት እናቶች ይህን ሲሰሙ የማስታወቂያዋ እናት ማን እንደሆነች አወቁ። አንዷ አቀፈቻቸው፤ ሌላዋ እጃቸውን ሳመች። «አይዞሽ፣ ሁላችንም እንደዚያ እንላለን» እያሉ አስቀመጧቸው። እሳቸው መሐላቸው ተቀምጠው በሩን ያዩ ነበር።

በአሥራ አንደኛው ቀን የቀበሌው አብዮት ጠባቂዎች መጥተው አራቱንም ካርቶን አነሱ። ጋሽ ሞገስንና እኔን ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ወሰዱን። ሊቀመንበሩ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጣቱን አንድ ቃል ላይ አሳረፈ።

«‹አልተመለሰም› ማለት ምን ማለት ነው?» አለኝና መልሴን ሳይጠብቅ ቀጠለ፦

«ዘማች ይመለሳል። ይህ ሕዝብን ተስፋ የሚያስቆርጥ ጽሑፍ ነው። ሴትዮዋ ማን ናት?»

«ሴት የለችም፣ ጓድ ሊቀመንበር። ከራሴ ፈጥሬ ነው።»

«ፈጥረህ?»

«ሙያዬ ነው። ድሮም እንዲህ እየፈጠርኩ እጽፍ ነበር።»

ሦስት ቀን አስረውን ለቀቁን። ካርቶኖቹን ግቢው ውስጥ አቃጠሏቸው፤ ሁለተኛ ያለ ቀበሌው ማኅተም አንዲት መስመር እንዳልለጥፍ አስፈረሙኝ። እስር ቤቱ ወለል ላይ ተኝቼ የማስበው አንድ ነገር ነበር። ሊቀመንበሩ ፊት «ፈጥሬ ነው» ለማለት አላቃተኝም፤ ልመታበት እችል ነበር፣ ግን ከአፌ ቀላል ሆኖ ወጣ። እትዬ ታቢታ ፊት ነው ያልወጣው።

በወጣሁ በሳምንቱ አንዲት ልጅ ወደ ፎቶ ቤቱ መጣች። አሥራ ሰባት ዓመት ይሆናታል፤ የትምህርት ቤት ሹራብ ለብሳለች።

«ማስታወቂያውን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ብርቅዬ እባላለሁ። የታቢታ ልጅ ነኝ፤ የደረሰ እህት።» ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም። «ወንድሜ ፎቶ መነሳት አይወድም ነበር። በጠባሳው ያፍር ነበር። ለመታወቂያ ተነሳ ሲባል እንኳ ቀርቷል። እናቴን ፎቶ ልነሳ ብሎ የሚጠይቅ ልጅ አልነበረም። ያን ነገር ከየት አመጡት?»

«ከራሴ።»

ይህን ስላት የምትጮህብኝ መስሎኝ ነበር። አልጮኸችም።

«እናቴ እህል መብላት አቁማለች። ‹ከልክዬው ሄደ› ትላለች። እኔ ብነግራት አታምነኝም፤ ‹ተጽፏል እኮ› ትለኛለች። እሑድ ቤታችን ይምጡና ራስዎ ይንገሯት።»

እሑድ ከሰዓት ሄድኩ። ቤታቸው በታቦር ተራራ ግርጌ በኩል፣ በጭቃ የተመረገ የቆርቆሮ ቤት ነው። የሚጸልዩበት ቤት ከታሸገ ወዲህ ጥቂት ሰዎች እሑድ እሑድ እዚያ ይሰበሰቡ እንደነበር በኋላ ሰምቻለሁ፤ በዚያ ቀን ግን ማንም አልነበረም። እትዬ ታቢታ በር ላይ ተቀምጠው ቦሎቄ ይለቅማሉ። ጉንጫቸው ገብቷል።

«እትዬ ታቢታ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነው የመጣሁት።»

«መጀመሪያ ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ። ብርቅዬ ከኋላቸው ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«ካርቶኑ ላይ የነበረው ‹ስትመለስ› የሚለው ቃል የእርስዎ አይደለም። እኔ ነኝ የጨመርኩት። ደረሰ ፎቶ ልነሳ ማለቱን አልነገሩኝም፤ ከልክዬዋለሁም አላሉኝም። ሰው ወደ ፎቶ ቤቱ እንዲገባ ብዬ የጻፍኩት ውሸት ነው።»

ቦሎቄውን መልቀም አላቆሙም። ድንጋዩን እያወጡ ወደ ጎን ይጥላሉ።

«የዚያን ቀን ስጠይቅህ፣ እርስዎ ያሉትን ነው አልከኝ።»

«ዋሸሁዎት።»

«ያን ዕለት ዋሸኸኝ፤ ዛሬ እውነቱን ትነግረኛለህ።»

«አዎ።»

«ወይም ያን ዕለት እውነቱን ነገርከኝ፤ ዛሬ አዘንክልኝ።»

«እትዬ ታቢታ፣ ላጽናናዎት አይደለም የመጣሁት። በደለኛ ነኝ። የራሴ ወንድም ሞቶብኛል። የእሱን መጻፍ አቅቶኝ የእርስዎን ወሰድኩ። የእርስዎም አልበቃኝ ሲል ጨመርኩበት።»

በዚህ ጊዜ እጃቸው ቆመ። ቀና ብለው አዩኝ።

«ወንድምህ ስሙ ማን ነበር?»

«ገብረጻድቅ።»

«ፊቱን ታስታውሳለህ?»

«አስታውሳለሁ።»

«ፎቶ አለው?»

«አለው። አንድ አለኝ።»

«ተባረክ፣» አሉኝ፤ መልሰው ወደ ቦሎቄው አቀረቀሩ። ከዚያ መናገር ጀመሩ፤ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አልገባኝም። «ዝናብ ነበር። ጭቃ እንዳይነካው ጫማውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ‹እማ፣ መናኸሪያ ጋ ፎቶ ቤት አለ› አለኝ። እኔ አንሶላ ተቆልሎብኝ ነበር። ቀና ሳልል ‹ስትመለስ› አልኩት። ቀና ብዬ ቢሆን ኖሮ ፊቱን አየው ነበር።»

ስለ ዝናቡ አልጻፍኩም። ስለ ጫማውም፣ ስለ አንሶላውም አልጻፍኩም።

«እማ፣» አለች ብርቅዬ፣ «አንሶላ የምታጥቢው ሆቴል ነው እንጂ እዚህ ነው እንዴ? ያን ሳምንት ደግሞ አንድም ቀን አልዘነበም።»

«አንቺ ትምህርት ቤት ነበርሽ።»

«አልነበርኩም። አብሬሽ ነበርኩ። እስከ አዳራሹ አብረን ነው የሸኘነው።»

«ከመሸኘታችን በፊት ነው፣» አሉ እትዬ ታቢታ። ቁጣ የለባቸውም። ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ነበር የሚናገሩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ፊቱ ለምን እንደጠፋብኝ አላውቅም ነበር። እናት የልጇን ፊት እንዴት ትረሳለች እያልኩ ስጸልይ ነበር። አሁን ምክንያቱን አውቄዋለሁ። አንተ ባትጽፈው አላስታውሰውም ነበር። ስለዚህ አትዘንልኝ፤ እኔም አላዝንብህም።»

ብርቅዬ ወደ ውስጥ ገባች። እኔ ጥቂት ተቀምጬ ተነሳሁ። ከዚህ በላይ ምን ብዬ ላስተባብል እንደምችል ዛሬም አላውቅም። ቃሌን ሁለት ጊዜ ሰምተውታል፤ ያመኑት የሚያሳምመውን ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ያሰብኩት አልነበረም። እትዬ ታቢታ እህል ቀመሱ፤ ወደ ሥራቸውም ተመለሱ። ከሥራ ሲወጡ ግን ወደ መናኸሪያው ይመጣሉ። ዘማች የሚሸኙ እናቶችን እየፈለጉ፣ እጃቸውን ይዘው «እህቴ፣ ልጅሽ ፎቶ አለው?» ይላሉ። ከዚያ የራሳቸውን ይነግሯቸዋል፤ ዝናቡን፣ ጫማውን፣ ቀና ሳይሉ የተናገሯትን ቃል። እናትየዋን ከነልጇ እየመሩ ወደ ፎቶ ቤታችን ያስገቧቸዋል። ካርቶኑ ተቃጥሎ አመድ ሆኗል፤ እሳቸውን ግን የቀበሌ ሰዎችም አልነኳቸውም። ልጇ የሞተባትን ሴት አፍሽን ያዢ የሚል ማን አለ?

ጋሽ ሞገስ በር ላይ ወንበር አደረጉላቸው። ሻይም ያስመጡላቸው ነበር። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ፣

«ጋሽ ሞገስ፣ ይህ ልክ አይደለም። ያ ነገር ውሸት ነው፤ እርስዎም ያውቃሉ፣» አልኳቸው።

ከጨለማው ክፍል አዲስ የታጠቡ ፎቶዎች ይዘው እየወጡ ነበር። የአንዱን ልጅ እርጥብ ፎቶ በሁለት ጣታቸው ይዘው አሳዩኝ።

«ይህ ልጅ ነገ ይሄዳል። ፊቱ እናቱ ዘንድ ይቀራል። ይህ ውሸት ነው?»

መልስ ፈልገው አልጠየቁኝም፤ ፎቶውን ገመዱ ላይ ሰቅለው ተመለሱ። የፎቶ ወረቀቱ ጊዜው ሳያልፍበት አለቀ። ሐምሌ ላይ ሥራውን ለቀቅኩና ከከተማው ወጣ ያለ የመንግሥት እርሻ ገብቼ የበቆሎ ሚዛን ላይ ሠራሁ። እዚያ ምንም አይጻፍም ነበር።

ብርቅዬን ያገኘኋት ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1983 መስከረም፣ እዚያው መናኸሪያ ነው። ለይርጋለም መኪና ትጠብቅ ነበር። ጥቁር ለብሳለች። ማን እንደሞተ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

«መቼ?» አልኳት።

«ነሐሴ መጀመሪያ ላይ። ሳንባዋን ነው ያሉን። ውሃውና ብርዱ ነው።»

«ነፍስ ይማር። በመጨረሻ… ነገሩን ተዉት?»

ራሷን ወዘወዘች። «ሐኪም ቤት ተኝታ አጠገቧ ላሉት አስታማሚዎች ሁሉ ነግራቸዋለች።» ዘንቢሏን ወደ እግሯ አስጠግታ፣ «እኔ መጀመሪያ እከራከራት ነበር። በኋላ ዝም አልኩ። አሁን አሁን ሳስበው፣ ምናልባት ውጭ የወጣሁበት ሰዓት ነበረ ይሆን እላለሁ፣» አለች።

«አልነበረም፣ ብርቅዬ። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«አውቃለሁ፤ ነግረውኛል።» አለችኝ፤ የእናቷ ዓይነት፣ ቁጣ የሌለበት ድምፅ ነበር። «ጋሽ ሞገስ ስንት ጊዜ በነፃ ላንሳሽ ብለዋት ነበር። ‹ለእሱ የከለከልኩትን ለራሴ አላደርገውም› እያለች እምቢ አለች። አንድም ፎቶ የላትም።»

መኪናው ገባ። ረዳቱ ስም እየጠራ ሰው ያስገባል። ብርቅዬ ዘንቢሏን አነሳች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ የምትለኝ ያላት መሰለኝ፤ ከኋላዋ ያሉት ግን ገፏት፣ ገባች። መስኮቱ አቧራ ለብሶ ስለነበር የትኛው ወንበር ላይ እንደተቀመጠች አላየሁም። መኪናው እስኪወጣ ቆሜ ጠበቅኩና ወደ እርሻው የሚሄደውን ጋሪ ልፈልግ ሄድኩ።